ሰባተኛው ጭብጥ

አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተማሪዎቼ የሚያውቁኝ በጣቶቼ ነው። ግጥም ሲነበብ ቀኝ እጄ አያርፍም፤ አውራ ጣቴ በሌሎቹ ጣቶቼ አንጓ ላይ እየሄደ ቀለም ይቆጥራል። አንዲት ቀለም ከጎደለች ፊቴ ይጠቁራል፤ ስንኙ ቤት ካልመታማ የዚያ ቀን ምሳዬም አይጥመኝ። ከሚሴ ገበያ መሀል ሳይቀር ከኋላዬ «ስድስት! ስድስት!» ብለው የሚሮጡ ተማሪዎች አሉ። እነሱን አልቀየማቸውም። ሳይቆጠርም ግጥም ይሆናል የሚለኝን ሰው ግን ዛሬም ድረስ እቀየመዋለሁ።

ብዕር ያነሣሁት ስለ አንድ የዴንማርክ ግጥም ላወራ ነው። ነገር ግን ከግጥሙ በፊት ስለ ጨው ማውራት አለብኝ፤ ጨው ደግሞ ያለ እናቴ አይወራም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሰፈሩ ግን «ጨው ያዧ» ይላት ነበር። ሠርግ ይሁን ሰደቃ፣ ሽንኩርቱን የሚከትፉት፣ ሥጋውን የሚያበስሉት፣ ድስቱን የሚያማስሉት ሌሎች ናቸው። እሷ የምትጠራው ወጡ ሊደርስ ሲል ነው። ጭልፋዋን በሻሽ ጠቅልላ ትመጣለች፤ የሰው ጭልፋ አትነካም። የፋብሪካ ጨውም አትወድም፤ አፋሮች ሰንበቴ ገበያ የሚያወርዱትን፣ በእጅ ሲይዙት የሚንኮሻኮሸውን ጨው ራሷ ሄዳ መርጣ ትገዛለች። እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብላ «ቢስሚላህ» ትልና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በጭብጧ እየዘገነች ትበትናለች። ከዚያ በጭልፋው ጫፍ ትቀምሳለች፣ ጥቂት ታስባለች፣ የመጨረሻዋን ትጨምራለች። «ክደኑት» ካለች በኋላ ያንን ክዳን የሚያነሣ ሰው አልነበረም።

ልጅ ሆኜ ቀሚሷን ይዤ እከተላት ነበር። ስትቀምስ ያ ሁሉ ሴት ሥራውን አቁሞ አፏን ያያል። ጫጫታው ዝም ይላል፣ ማማሰያው ይቆማል፤ የእሳቱ መንጣጣት ብቻ ይሰማል። እኔ ያኔ በኩራት አብጬ ልፈነዳ እደርሳለሁ። ዛሬ ሳስበው የሚናፍቀኝ ወጡ አይደለም። የሚናፍቀኝ ያቺ ሁሉም ዝም የሚልባት ትንሽ ጊዜ ናት።

ታዲያ አንድ ክረምት እናቴን ክፉ ትኩሳት ያዛት። ሁለት ሳምንት ተኝታ ተነሣች፤ እኛም አልሐምዱሊላህ ብለን በግ አረድን። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አበዛች፣ ምግብም ቀነሰች። እኔ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን የተማሪ ወረቀት ሳርም ቆይቼ በጥድፊያ የሠራሁትን ምስር ወጥ አቀረብኩላት። ሁለቴ ጎረሰችና «ማሻ አላህ፣ ዛሬስ እጅሽ ጣፈጠ» አለችኝ።

እኔም ጎረስኩ። ጨው የሚባል ነገር አልነካውም፤ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ደነገጥኩ። ያስደነገጠኝ የወጡ አልጫነት አይደለም። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ የኔን ወጥ አመስግና አታውቅም።

«እማ፣ ይሄ እኮ ጨው የለውም» አልኳት።

እጇን ከትሪው ላይ አነሣች። «ምላሴ ከትኩሳቱ ጋር ሄደ» አለችኝ። «ውሃውም፣ ወጡም፣ ማሩም አንድ ሆነብኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ይመለሳል ጠብቂ ብለውኛል። ይኸው እጠብቃለሁ።»

«እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ላንቺ ከነገርኩ ለራሴም ነገርኩ ማለት ነው» አለች። ከዚያ ጣቷን ወደኔ ቀስራ፣ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ! ወላሂ አልለቅሽም!» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ትንፍሽ አላልኩም። እሷም ድግስ በተጠራች ቁጥር ሰበብ ስትፈልግ ከረመች። አንዴ ጉልበቷን ያማታል፣ አንዴ እንግዳ ይመጣባታል፣ አንዴ ከባቲ የሚመጣ ዘመድ ትጠብቃለች። ቀሚሷ ከሰውነቷ እየሰፋ ሄደ። ጭልፋዋ በሻሹ እንደተጠቀለለች ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ቀረች።

ጥር ሲገባ ሰበብ የማይሠራበት ድግስ መጣ። ከአጥራችን ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ልጇን ልትድር ነው። ያቺን ልጅ እናቷ ገበያ በዋለች ቁጥር አዝላ ያሳደገቻት እናቴ ናት። ጎረቤታችን መጥታ በሩ ላይ እንደቆመች፣ «እትዬ፣ እኔ ሌላ ሰው አልጠራም። የልጅዎ ኒካህ ነው፤ ጨዉ የርስዎ ነው» አለቻት።

«ኢንሻ አላህ» አለች እናቴ ፈገግ ብላ። ሴትዮዋ እንደወጣች ፈገግታዋም አብሮ ወጣ። «ብናገር ምላሷ ሞቷል ተብዬ ከዚህ ወዲያ ማንም አይጠራኝም። ባልናገር የልጅቷን ሠርግ አበላሻለሁ። አንቺ የተማርሽው ልጅ፣ እስቲ መላ ምቺ» አለችኝ። እኔ ቀምሼ በምልክት ልንገርሽ ብላት ተቆጣች፤ ያን ሁሉ ሴት ላታልል ነው ወይ አለችኝ።

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ከዴንማርክ መጣች። ገና በአራት ዓመቷ የሄደች ናት። እዚያ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሆናለች፣ የዴንማርክ ቋንቋ አስተማሪ ልትሆን። አማርኛዋ አባቷ በቤት ያስተማራት ነው፤ ሁሉንም ትሰማለች፣ ስትናገር ግን አጫጭር አድርጋ ነው። ኦሮምኛ ጭራሽ አታውቅም። ለእረፍት ሦስት ሳምንት ብላ መጣች፤ ግን አስተማሪዋ ያስያዛትን ሥራ በቦርሳዋ ይዛ ነበር። ስለ ጣዕም የተጻፈ አንድ ግጥም ተሰጥቷታል። ምቱን፣ ቤቱን፣ ድግግሞሹን ተንትና መላክ አለባት።

«አክስቴ፣ አንቺ የግጥም ሰው ነሽ፤ እርጂኝ» አለችኝ። የግጥም ሰው ነሽ ከተባልኩ እኔን ማን ይመልሰኛል። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከጎናችን ሰፌድ ዘርግታ በርበሬ ትቀነጥሳለች። በርበሬው ለሠርጉ ነው፣ ከጨፋ ሮቢት የመጣ፣ ቀይ ደም የመሰለ። እሷ ጠጋ ብላ ብታሸተውም ማስነጠሱን እንጂ ሽታውን አታገኘውም፤ ይህንን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ግጥሙ አራት አንጓ ነው፣ እያንዳንዱም አራት አራት ስንኝ። የወንድሜ ልጅ በአማርኛ ነገረችኝ፦ አንድ ሰው እናቱ ከሞተች በኋላ የማእድ ቤቷን ቁምሳጥን ይከፍታል። የተረፈውን ያገኛል። ጥቁር ዳቦ አለ፣ ቅቤ አለ፣ በጨው የተቀመጠ ዓሣ አለ፣ የፖም ማርማላታ አለ። በየአንጓው አንዱን ይቀምሳል። ከዚያ እያንዳንዱ አንጓ በአንድ ቃል ይዘጋል። ቃሏ «ሜአ» ትመስላለች፤ ትኩስ ድንች ጎርሶ እንደሚናገር ሰው ነው የምትለው። «ተጨማሪ፣ ጨምር ማለት ነው» አለችኝ። እዚያ አገር ሰዎች ምግብ ሲጥማቸው «የተጨማሪ ጣዕም አለው» ይላሉ አሉ። አባባሉን ወደድኩት።

«በይ አንብቢ፣ ልቁጠር» አልኳት።

አነበበች፣ ቆጠርኩ። አንደኛው ስንኝ ሰባት ቀለም፣ ሁለተኛው ስምንት፣ ሦስተኛው ስድስት፣ አራተኛው እንደገና ሰባት። ሁለተኛውን አንጓ ቆጠርኩ፤ ይባስ ተበላሸ። እስክሪብቶዬን ጣልኩ።

«ይሄ ሰውዬ መቁጠር አይችልም» አልኩ። «እኔ ጋ ቢሆን ከመቶ ሠላሳ አልሰጠውም።»

የወንድሜ ልጅ ሳቀች። «አክስቴ፣ እዚያ ቀለም አይቆጠርም። ጠንካራውን ብቻ ነው። ስሚ» አለችና ጉልበቷን በመዳፏ እየመታች አነበበች። በእያንዳንዱ ስንኝ አራት ምት አለ። በምቱና በምቱ መሀል አንድ ቀለም ይሁን ሁለት ግድ የላቸውም፤ ምቱ ብቻ በጊዜው ይድረስ። እኔ ሃያ ዓመት ቀለም ስቆጥር የኖርኩ ሴት፣ መሀሉ እንደፈለገ ይሁን ስባል ደሜ ፈላ። ግን ጆሮዬ ከዳኝ። ሦስተኛውን አንጓ ስታነብ የኔም መዳፍ ጉልበቴን መምታት ጀመረ። ቀና ስል የእናቴም ጣት የሰፌዱን ጠርዝ ትመታለች።

ወደ ቤቱ ሄድን። ቤት መምታትን ለተማሪ ሳስረዳ ሁለት ስንኞች አንድ ደጃፍ ሲገቡ ማለት ነው እላለሁ። እዚህ ግን አንደኛው ስንኝ «ስሞር» ብሎ ያልቃል፣ ቅቤ ማለት ነው። ሁለተኛው «ብሮድ» ይላል፣ ዳቦ።

«ርና ድ ቤት አይመቱም!» አልኩ።

«መሀላቸው ላይ ያለው ድምፅ ይመሳሰላል፤ ግማሽ ቤት ነው» አለች የወንድሜ ልጅ።

«ግማሽ ቤት የሚባል ቤት የለም። ግማሽ ቤት አጥር ነው።»

እናቴ ከበርበሬዋ ቀና ሳትል፣ «ምን ከምን ጋር አልመታም ነው የምትዪው?» አለችኝ።

«ቅቤና ዳቦ።»

«ኧረ አንቺ ሴት! ቅቤና ዳቦ ካልመቱ ታዲያ ምን ይምታልሽ?» አለች። የወንድሜ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ምንጣፉ ላይ ተኛች። ያንን የእናቴን ቃል ወረቀቷ ላይ ጽፋዋለች፤ እኔ በቀይ ሰርዤው ነበር፣ እሷ መልሳ ጻፈችው።

ድግግሞሹ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የተለወጠው። አንደኛውን አንጓ አነበበች፤ «ሜአ» ብላ ዘጋች። ሁለተኛውን አነበበች፤ «ሜአ»። የእናቴ እጅ በርበሬው ላይ ቆመ።

«እስቲ ድገሚው፣ ኢንተላ ኮ» አለቻት፤ ልጄ ማለቷ ነው።

ደገመችው።

«ሚኣ ነው እኮ የሚለው!» አለች እናቴ። ዓይኖቿ ፈገግ አሉ። «በኛ ኦሮምኛ ሚኣ ማለት ጣዕም ነው፣ ጥፍጥናው። የፈረንጅ ሰው ይሄን ከየት አመጣው?»

«አይ አኮ፣ ኦሮምኛ አይደለም። ተጨማሪ ማለት ነው። ጨምር፣ ጨምር እንደማለት» አለች የወንድሜ ልጅ። አያቷን አኮ ነበር የምትላት።

«እሺ ጨምር ይሁን። ለኔ ግን ሚኣ ነው የሚለው» አለች እናቴ። «ሰውዬው እናቱ ሞታበት የለም እንዴ? ጣዕሙ ጠፍቶበት ነው። የጠፋ ነገር ደግሞ በስሙ ነው የሚጠራው። ልክ ነው የሠራው።» ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ሰለለ። የወንድሜ ልጅ ምኑንም አላወቀች፤ እኔ ግን ማንጎውን ቀና ብዬ ማየት ነበረብኝ፣ እንባዬ እንዳይታይ።

የመጨረሻው አንጓ ቀረ። አነበበችው። ሦስት ስንኝ በደንብ ሄደ። አራተኛው ላይ አንድ ምት፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ ቆመ። የለም። «ሜአ» የምትለዋ ቃል የምትገባበት ቦታ ባዶ ነው። ከላይ ያለው ስንኝ «ፍሌአ»፣ ብዙዎች፣ በሚል ቃል አልቋል፤ ደጃፉን ከፍቶ ቤት የሚመታለትን ሲጠብቅ ገቢ የለም።

«ማተሚያ ቤቱ ነው የጣላት» አልኩ ወዲያው። «ወይም ገጣሚው ረስቷታል። ጉድለት ብለሽ ጻፊ።» የወንድሜ ልጅ ሳትጽፍ እስክሪብቶዋን ያዘች። «መጽሐፉም እንዲህ ነው ያለው፤ ግን ለምን እንደሆነ አልገባኝም» አለች።

«እንደገና አንብቢው፣ ሳትፈሪ» አለች እናቴ።

አነበበች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ እናቴ በመዳፏ ሰፌዱን መታ አድርጋ፣ «ሚኣ!» አለች።

ሁለታችንም አፈጠጥንባት። እናቴ በርበሬዋን መቀንጠስ ቀጠለች። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? መንዙማ አታውቁም? አውጪው ብቻውን አይጨርሰውም እኮ። ጫፏን ይተዋታል፣ ተቀባዩ ይላታል። እሱ ከጨረሰውማ የተቀመጠው ሰው ሥራው ምንድን ነው? ይሄም ሰውዬ ያን ሁሉ ጊዜ ያስለመዳችሁ መጨረሻ ላይ እናንተ እንድትሉለት ነው» አለች።

ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እኔ፣ ኮሌጅ የገባችው የወንድሜ ልጅ፣ ሁለታችንም ያላየነውን ፊደል የማታውቅ ሴት ሰፌድ መትታ አሳየችን። አፈርኩ፤ ደግሞ በጣም ደስ አለኝ። የወንድሜ ልጅ ቶሎ ቶሎ መጻፍ ጀመረች።

እኔ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። እናቴ ለማስረዳት ብላ ከእናቷ የተማረችውን መንዙማ ቀስ አድርጋ ታንጎራጉር ነበር፤ ያንን ማንጎራጎር አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ቀሚሷን ይዤ በእንፋሎት ውስጥ የሰማሁት ነው። አውራ ጣቴ ሳላዘው አንጓዬ ላይ ሄደ። ስድስት ምት ነው፤ ሰባተኛው የተቀባዩ ነው።

«እማ፣ ጨው ስትጨምሪ የምትዪው ይሄን አይደል?»

«ይሄን ነው። ለበረካ ነው የምለው።»

«በየምቱ አንድ አንድ ጭብጥ ትበትኛለሽ። ስድስት ጭብጥ። ከዚያ ሰባተኛው ላይ ትቀምሻለሽ።»

እጇ ቆመ። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ በባዶ እጇ አየር ላይ በተነች፣ ቆጠረች። «አላሁ አክበር» አለች በሹክሹክታ። «ለትልቁ ድስት ስድስት ነው ሁልጊዜ። ሰባተኛው ነው አንዳንዴ ሙሉ፣ አንዳንዴ ግማሽ፣ አንዳንዴ ቁንጥር የሚሆነው። እኔ ምላሴ ነው የሚሠራው ብዬ!»

እኔ ክፍል ውስጥ ምጣኔ እያልኩ የማስተምረውን ነገር እሷ በድስት ላይ ስትመጥን ኖራለች። ከንፈሯ እየለካ ምላሷ ምስጋናውን ይወስድ ነበር። ያን ቀን እናቴ ከወራት በኋላ ጭልፋዋን ከግድግዳው አውርዳ አጠበቻት። የቀረችው ሰባተኛዋ ብቻ ነበረች። ስለሷ አልተነጋገርንም።

ሠርጉ እሑድ ዋለ። ከአጥሩ ማዶ ዳስ ተጥሏል፤ በሬው ከሌሊት ታርዷል፣ ረፋዱ ላይ ትልቁ ድስት ይንተከተካል። ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ዱዓ ላይ ናቸው። እናቴ ጭልፋዋን በሻሽ ጠቅልላ ስትገባ ሴቶቹ እልል አሉ። «ከረምሽ ጨው ያዧ! ጠፍተሽ ጠፍተሽ!» ትላታለች አንዷ፣ «ጉልበትሽስ?» ትላለች ሌላዋ። እኔና የወንድሜ ልጅ ከኋላዋ ቆምን። የጨዉን ከረጢት የያዝኩት እኔ ነኝ።

ጎንበስ አለች። «ቢስሚላህ» አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጭብጥ። ሁለት። እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስት። ከዚያ ጭልፋዋን አጥልቃ አወጣች። ጫጫታው ዝም አለ፣ ማማሰያው ቆመ። ያቺ የልጅነቴ ዝምታ መጣች፤ ዛሬ ግን ኩራት አልነበረኝም።

እናቴ ጭልፋውን እፍ እፍ አለችና ወደ አፏ ሳታደርስ ዞር አለች። «ዛሬስ እንግዳዬ ትቅመስልኝ። ይሄን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣች ልጅ ናት» ብላ ለወንድሜ ልጅ ዘረጋችላት። በዕድሜዋ ለማንም አድርጋው አታውቅም። ሴቶቹ ግን ደስ አላቸው።

የወንድሜ ልጅ ቀመሰች። ያ ሁሉ ዓይን አፏ ላይ ነው። ደነገጠች፤ ስትደነግጥ አማርኛዋ ይጠፋባታል። ወደኔ አየችና ቀስ ብላ፣ «ሜአ» አለች።

ጨምሪ ማለቷ ነው። እኔ አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች።

እናቴ ቀና ብላ፣ «ሰማችሁ? ሚኣ አለች! ጣፈጠ አለች፣ በኛው ቋንቋ!» አለች። ግቢው በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ከዴንማርክ የመጣችው ልጅ ኦሮምኛ ተናገረች ተብሎ እየተቀባበሉ ሳሟት። እናቴ ጭልፋዋን በሻሹ ጠቀለለች። «ክደኑት» አለችና ሄዳ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

ክደኑት ካለች በኋላ ክዳኑን የሚያነሣ የለም ብያለሁ። ያን ቀን እኔ አነሣሁት። ሁሉም ልጅቷን ሲስም፣ ክዳኑ በደንብ አልገጠመም የምል መስዬ ቀረብኩ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ፤ እውነትም ጎድሎታል። ከንፈሬ በራሱ ተንቀሳቀሰ። ስድስቱን ምት በልቤ አልኩና ሰባተኛው ላይ አንድ ሙሉ ጭብጥ በተንኩ። አማስዬ ደግሜ ቀመስኩ። ልክ መጣ። ከደንኩትና ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ሰው በላ፣ ደገመ። ጎረቤታችን እናቴ ፊት ተንበርክካ «እጅዎን አላህ ይባርክልኝ» ስትላት የኔ እናት እንደ ወትሮዋ «አሚን» አለች። ለራሷም ትሪ አስቀርባ በላች። ሙሉ ትሪ። ምኑም እንደማይጣፍጣት አውቃለሁ፤ ግን ሰዉን እያየች ትጎርስ ነበር፣ የሰዉ አፍ የሷም አፍ የሆነላት ይመስል።

በማግሥቱ ጠዋት የወንድሜ ልጅ ሥራዋን ልካ ስትጨርስ እናቴን ማንጎው ሥር አገኘኋት። ሌሊቱን ያፈንኩት ቁጣ ወጣብኝ።

«እማ፣ ልጅቷ እኮ ጨምሪ ነው ያለችሽ! ግጥሙን ስናነብ ነግራሻለች። ሠርጉን ልታበላሺው ነበር!»

«አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ክደኑት አልሽ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «አንቺ ቆመሽ አልነበር?» አለች።

እሷ ተነሥታ ገባችና ጭልፋዋን ከነሻሹ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። «ጎረቤታችን ትናንት የክዳኑን ነገር አይታለች፤ ልጅዎ እጇ የርስዎ ነው አለችኝ። ካሁን በኋላ አንቺን ይጥሩ። እኔ ደክሞኛል ብያታለሁ» አለች። ምላሴ ሞቷል ሳትል፣ ማንም ሳያዝንላት፣ በራሷ ጊዜ ወረደች። ጭልፋዋን እቅፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ እሷ ደግሞ «ምነው፣ የሰጠሁሽ ጭልፋ ነው እንጂ ሬሳ አይደለም» ብላ ተቆጣችኝ።

የወንድሜ ልጅ ሥራ ጥሩ ውጤት አመጣ። ባዶዋን ቦታ ጉድለት አላለቻትም፤ የተቀባዩ ቦታ ናት ብላ ጽፋለች። አስተማሪዋ ከጎኑ «ይህን ከየት አገኘሽው?» የሚል ጥያቄ ጽፎላት፣ «ከአያቴ ሰፌድ» ብላ መለሰች። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳምንቱን ሙሉ ለመጣው ሁሉ አወራች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች። ምላሷ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም፤ ሚስጥሯም አልወጣም። አሁን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ይቅር ትበለኝ።

ክፍል ውስጥ ስለ ጭብጥ ሳስተምር፣ ጭብጥ ማለት የአንድ ሥራ ዋና ሐሳብ ነው ካልኩ በኋላ ሳላስበው እጄ ይጨበጣል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። በሠርግ ወራት ከአጥር ማዶ ድምፅ ይመጣል፣ «ጨው ያዧ!» ይሉኛል። ጭልፋውን በሻሽ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። «ቢስሚላህ» ብዬ በየምቱ ስድስቱን እበትናለሁ። ዝም ይባላል። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ወደ ቀኜ ዞር እላለሁ፣ ከጎኔ የቆመ ሰው እንዳለ ለማየት። እስካሁን የለም። ራሴው ቀምሼ፣ ራሴው ጨምሬ፣ «ሚኣ» እላለሁ ቀስ ብዬ፣ ከዚያም «ክደኑት»።